የብሩ ባለ ጎማ ቤት

ሥርጉት በባሏ ወንድም በብሩ ላይ የቋጠረችው ቂም አራት ዓመት ሞልቶት ነበር። ቂሙ ስለ አንድ አሮጌ ካሚዮን ነው። ባሏ በላቸው ከአንድ የደሴ ዐረብ ሲገዛው ሞተሩ አይነሣም፣ ሳንቃው በስብሷል፣ ዶሮ እንቁላል ይጥልበታል። ባልና ሚስት ሆነው ነፍስ ዘሩበት። እሱ ብሎን ሲፈታ እሷ ትቀበላለች፤ እሱ ጎማ ሲያወጣ እሷ የውስጥ ጎማውን፣ ካላማዳሪውን፣ ትለጥፋለች። ሸራውን በእጇ ሰፍታ አለበሰችው። መኪናው መሄድ ሲጀምር ደግሞ በላቸው በገራዶ ሜዳ ላይ መሪውን አስያዛትና መንዳት አስተማራት፤ ያየ ሁሉ ጉድ አለ። ከዚያ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበ ዕለት በላቸው ሞተ። አርባው ሳይወጣ ብሩ መጣ። ካሚዮኑን ጭድ ለብሶ ከተደበቀበት አወጣውና በሽማግሌ ፊት «ሴት መኪና አትወርስም» አለ። ሽማግሎቹ ዝም አሉ። ሥርጉትን ከብሩ ቃል ይልቅ ያንገበገባት የእነሱ ዝምታ ነው።

ደሴን ጥላ ኮምቦልቻ ወረደች። የባሏ ወዳጅ በሺር መኪና የሚጠግንበት ሰፊ ግቢ ነበረው፤ አንዱን ጥግ ሰጣት። ሚስቱ መዲና፣ ሥርጉት ሐዘን ጥሏት እህል እምቢ ባለች ጊዜ፣ እንደ ሕፃን በማንኪያ ያበላቻት ሰው ናት። ሥርጉት እዚያው የመኪና ሸራ እየሰፋች ኖረች። ብሩ ካሚዮኑን ሊያስጠግን በመጣ ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታው መርፌዋን ትወጋለች። እሱም አይተዋትም፤ ከደጅ ሆኖ ጡሩምባውን እስኪሰለቸው ይነፋባታል።

ብሩ ከዚያ ካሚዮን ጋር የተጋባ ሰው ነበር ቢባል ውሸት አይደለም። በመጫኛው ላይ የሳንቃ ቤት ሠራበት። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ አልጋ፣ ዕቃ እንዳይወድቅ ከንፈር ያለው መደርደሪያ፣ የውሃ በርሜል፣ ባለ መስታወት መስኮት፣ ሁሉንም በገዛ እጁ። አንዱን ሲጨርስ ሌላው ይታየዋል። በዚህ ክረምት ማግሥት የላሜራ ምድጃ አስገባበት፤ የጭሱ ቱቦ ጣራውን ቀዶ ይወጣል። ለዚህ ቤቱ ደንብ አወጣለት። መንገድ ከመጀመሩ በፊት እሳቱ ይጠፋል፣ ድስቱ ከምድጃው ይወርዳል፣ የመንገድ ዛፍ እንዳይመታው ቱቦው ከጣራው ይነቀልና ከመኪናው ጎን ማንጠልጠያ ላይ ይታሰራል፣ ቀዳዳው በእንጨት ክዳን ይዘጋል። ከዚህ አንዷን ያጓደለ ረዳት ወዮለት።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ መዲና ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ካሚዮኑን ግቢው መሃል ቆሞ አየችው። የቤቱን በር አንኳኳች። ዝም። በመስኮቱ አጮልቃ አየችና ማድጋዋን ለቀቀችው።

«ያ አላህ! በሺር! ድረስ! ብሩ አይነቃም!»

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በሺር መወርወሪያውን በብረት ፈልቅቆ ገባ። ብሩ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ፊቱ የሞተ ሰው ፊት አይመስልም፤ እሳት ዳር እንደ ዋለ ሰው ቀልቷል። ቤቱ ውስጥ አየሩ ይከብዳል፤ ራስ ያዞራል። በምድጃው ከሰሉ አመድ ሆኗል። ጣራው ላይ ግን ቱቦ የለም። ቱቦው ውጭ ማንጠልጠያው ላይ ታስሯል፤ ቀዳዳውም ጥርቅም ብሎ ተከድኗል።

«ያለ ቱቦ ከሰል አንድዶ ተኛ!» አለ የመጣው ሰው ሁሉ። «ገደለው!»

«ብሩ ያለ ቱቦ?» አለ አንዱ። «ሚስቱን ይረሳል እንጂ ቱቦውን ይረሳል?»

ከዚህ በኋላ ወሬው ዞረ። ቅዳሜ በገበያ መሃል በሺር ብሩን «ይህ ምድጃ አንድ ቀን ሬሳህን ያስወጣናል» ብሎት ነበር፤ የሰማው ብዙ ነው። ሬሳው በእሱ ግቢ ተገኘ። እሳቱ እየነደደ፣ ሰውዬው እንደ ተኛ ጣራ ላይ ወጥቶ ቱቦውን መንቀልና ቀዳዳውን መክደን ለእሱ ምን ይሳነዋል? የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ካራቢኔሪዎቹ፣ ከአስተርጓሚያቸው ጋር ሲደርሱ ይህን ጨዋታ ተዘጋጅቶ አገኙት። የበሺርን እጅ በሲባጎ የፊጥኝ አሰሩት።

ሸህ ሙሄዲን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው አስተርጓሚው ፊት ቆሙ።

«ጌታው፣ የአገሩ ልማድ አውጫጭኝ ነው። ሰፈሩም የሟች ወገንም አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ገዳዩ ሳይወጣ ማንም አይነሣም። ዛሬን ተዉልን።»

አስተርጓሚው ከነጩ አለቃ ጋር ተነጋገረና ተመለሰ። «ፀሐይ እስክትገባ። ካልሆነ በሺር ደሴ ይወጣል።»

ደሴ የወጣ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በገበያው ያለው ባለ ገመዱ የመስቀያ ግንድ ባዶውን ሰንብቶ አያውቅም። መዲና መሬት ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ሥርጉትን ብቻ ቀና ብላ አየቻት።

ሥርጉት ብሩ በመሞቱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። ደከማት ብቻ፤ አራት ዓመት የተሸከመችውን ሸክም የሚያወርድላት ሰው ጥሏት የሄደ መሰላት።

«አብሽሪ መዲና» አለችና ነጠላዋን አደገደገች።

መጀመሪያ የሄደችው በሺር ዘንድ ነው። ግንብ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ አጠገቡ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«በሺር፣ ቅዳሜ ለምን እንዲያ አልከው?»

«ወላሂ ለራሱ ብዬ ነው፣ እትዬ። ቱቦው ጠባብ ነው፣ አስፋው አልኩት። ‹አንተ ብረትህን ቀጥቅጥ፤ ቤቴን እኔ አውቃለሁ› አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ተናደድኩና ያን ተናገርኩ።»

«ማታ ሲገባ ሰማኸው?»

«አልሰማሁም። አንቺስ?»

«እኔም።»

«አንቺም? ያን ጡሩምባ?»

ሁለቱም ተያዩ። ብሩ ጡሩምባ ሳይነፋባት ያን ደጅ አልፎ አያውቅም። የኮምቦልቻ መግቢያ ቁልቁል ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ በዝምታ መንከባለል ለፈለገ ሰው ይቻላል። ብሩ ግን ዝምታ ምኑ ነው?

«እትዬ» አለ በሺር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ብገድለው ደጄ ላይ አስተኛዋለሁ?»

«ዝም በል፤ ትንፋሽህን ቆጥብ። ይህን ማታ ለእነሱ ትነግራለህ።»

ወደ ካሚዮኑ ሄደች። ከአራት ዓመት ወዲህ እጇን ስታሳርፍበት የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ውስጥ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሬሳው አልነበረም፤ ወደ ምድጃው ነው። የሽሮ ድስት ላዩ ላይ ተጥዷል። ሽሮው በአንድ በኩል፣ ወደ ሹፌሩ ክፍል ባለው ወገን ብቻ፣ ገንፍሎ ፈስሷል። ምድጃው ብረት ላይ ተጋግሮ ከስሏል። ከዚያ አልፎ ወለሉ ላይ ወደ ፊት ተንዠርግጎ ደርቋል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልለቅ አለ።

ከዚያ ሬሳውን አየች። ሁለት ጋቢ፣ ከላዩ ብርድ ልብስ፣ ከስሩ የሱፍ ካፖርት፣ እግሩ ላይ የጣሊያን ወታደር ካልሲ።

«ይህን ሁሉ ለብሰህ ኮምቦልቻ?» አለችው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ። ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ስባ አስተካከለችለት፤ ለምን እንዳደረገችው ለራሷም አልገባትም።

ወርዳ በጎን በኩል ስትዞር የእግሯ ጣት አንድ ነገር መታ። ከኋላ ጎማው ሥር የተወሸቀ ታኮ ነው፤ መኪና ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ የእንጨት ጉማጅ። ጣቷን ይዛ ተሳደበችና አለፈች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ዞራ ታኮውን አየችው። ግቢውንም አየችው፤ እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ነው። ወደ ሹፌሩ ክፍል ወጥታ የእጅ ፍሬኑን ነካችው። አልተያዘም፤ ወርዶ ተኝቷል። ከመሪው ጎን የብሩ ባርኔጣ ተቀምጧል።

ጠዋት ወደ ደሴ የተላከው መልእክተኛ በቀትር የሟችን ሚስት አልጣሽንና ረዳቱን ፈንታሁንን በሌላ ካሚዮን ይዟቸው ወረደ። አልጣሽ አልቅሳ ደርቃለች። ሥርጉት ውሃ ሰጠቻት፤ ብሩ ካሚዮኑን ከነጠቃት ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው አያውቁም።

«እኔ አልመጣም ነበር» አለች አልጣሽ። «አንቺ እዚህ እንዳለሽ ስለማውቅ። ደስ ብሎሽ ይሆናል።»

«እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። ትናንት ማታ ቤት አደረ?»

«ቤት? የትኛው ቤት? ምድጃውን ካስገባ ወዲህ ከገበያው በላይ ያለው ሜዳ ላይ ከመኪናው ጋር ነው የሚያድረው። ‹ያንቺ ቤት ያንዘፈዝፋል› ይለኛል። እኔን አግብቶ ካሚዮን ቀለበ።»

«ምን ይሠራበት ነበር ሰሞኑን?»

«የእጅ ፍሬን ነዋ! ድሮ አይዝም ነበር፤ እሱን ፈትቶ ሲገጥም፣ ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ሳምንት። ሲይዝለት እንደ ሕፃን ዘለለ። ላገኘው ሁሉ ቁልቁለት ላይ እያቆመ ያሳያል። ‹ከእንግዲህ ታኮም ታኮ አቀባይም አያሻኝ› እያለ።»

«ፈንታሁን እየሰማ?»

«ፊቱ ላይ ነዋ። ልጁ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ አይስቅ?» አልጣሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «እሱም ሐዘኑ ጎድቶታል። ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ሲያንቀላፋ ነው የመጣው። ጭንቅላቱ ከሳንቃው ሲጋጭ እንኳ አይነቃም።»

ፈንታሁን «ልጁ» ይባላል እንጂ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ሥርጉትን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ።»

«ያጥናን። ቁጭ በል። መቼ ተለያያችሁ?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ። ‹የጎማው ሞላ ባሌስትራው ተሰንጥቋል፣ ኮምቦልቻ ወርጄ አድራለሁ፤ ጠዋት በሺር ያይልኛል› አለኝ። ቱቦውን ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ ማንጠልጠያው ላይ አሰርኩለት። ቀዳዳውን ከደንኩ። ሄደ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«ቱቦውን በደንብ ጠረግከው?»

«ምን ነካዎት! ጋሼ ብሩ ጥላሸት ካየ ምን እንደሚል አያውቁም? ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። ዓይንዎን ቢያስጠጉበት ሰማይ ይታያል።»

«አንተስ መንዳት አስተማረህ?»

ፈንታሁን ፈገግ አለ፤ የደከመ ፈገግታ። «ዘንድሮ፣ ዘንድሮ እያለ አራት ዓመት። መሪውን ለመጥረግ ካልሆነ አልነካሁትም።»

«ጎንህን አሳርፍ» አለችው ሥርጉት። «ደክሞሃል።»

«ደክሞኛል፣ እትዬ» አለ፤ ይህ ቃል ከልቡ ነበር።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሰዉ ሁሉ በግቢው ውስጥ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ሸህ ሙሄዲን መሃል ሆኑ። በቀኛቸው ለሟች ጸሎት የመጡት ቄስ ወልደ ሚካኤል ተቀመጡ። በሺር እንደ ታሰረ በአንድ ወገን፣ አልጣሽና ፈንታሁን በሌላው። አስተርጓሚውና ካራቢኔሪዎቹ ጥላ ይዘው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱም ባረኩ። ከዚያ የሚጀምር ጠፋ፤ አውጫጭኝ መጀመሪያው ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጉልበት ያያል።

ሥርጉት ተነሣች።

«እናንተ ካልጀመራችሁ እኔ ልጀምር።»

«አንቺ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «የቂም ባለቤቷ አንቺ አይደለሽም? መንዳትስ ከሴት ወገን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

አንዳንዱ ሳቀ። ሥርጉት አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም።

«ልክ ነህ። ከሁላችሁ የበለጠ ቂም ያለኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእኔ ጀምሩ። እዚህ ግቢ ነው ያደርኩት፤ ግን ብሩ የሞተው እዚህ ግቢ አይደለም።»

ሁካታ ሆነ። ሸሁ ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። «አስረጂን፣ ልጄ። ቀስ እያልሽ።»

«አባቴ፣ እስቲ ከብርዱ እንጀምር። የደሴ ሰው ቆላ ሲወርድ ምን ያደርጋል? ካፖርቱን ያወልቃል። ብሩ እዚህ ሲያድር በአንድ ጋቢ ነው የሚተኛው፤ መዲና ታውቃለች። ዛሬ ግን ሁለት ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ካፖርት፣ ካልሲ። ከሰልም አንድዷል። በኮምቦልቻ ከሰል የሚሞቅ ሰው አይታችኋል?»

«በሽተኛ ካልሆነ» አለች መዲና።

«እሺ፣ ብርድ ብርድ አለው እንበል። ሽሮውን ግን ምን እንበለው? ግቡና እዩ። ሽሮው ወደ ፊት ብቻ ነው የፈሰሰው። መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ሲወርድ ካልሆነ ሽሮ በአንድ ወገን አይፈስም። ይህ ግቢ ደግሞ ሜዳ ነው። ፈስሶም ብረቱ ላይ ከስሏል፤ በጥፍሬ ፍቄዋለሁ፣ አይለቅም። በቀዘቀዘ ምድጃ ላይ ሽሮ ይከስላል?»

ቄስ ወልደ ሚካኤል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እሳቱ እየነደደ ነው የወረደው ማለትሽ ነው።»

«አዎ፣ አባ። እሳቱ እየነደደ፣ ድስቱ እንደ ተጣደ። ብሩ ድስት ጥዶ ይነዳል? እሳት አንድዶ ይነዳል?»

«በሕልሙም!» አለች አልጣሽ ሳታስበው።

«ታዲያ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ብሩ ከውስጥ ነው። መሪው ያለው ደግሞ ከፊት ነው። ብሩ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ሳለ ሌላ ሰው ነው ከደሴ የነዳው። ያ ሰው ከውጭ የሚደረገውን ደንብ ሁሉ አደረገ፤ ቱቦውን ነቀለ፣ አሰረ፣ ክዳኑን ገጠመ። ድስቱን ግን አላነሣም፤ በሩ ተቆልፎበት ውስጡን አላየም። ግቢውም ሲደርስ ጡሩምባ አልነፋም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ነው ያንከባለለው።»

«የደሴ ኬላው አስካሪ ብሩን ሲያልፍ አየሁት ብሏል እኮ» አለ አንዱ።

«ብሩን አላየም። ብሩ ሲነዳ የሚደፋውን ባርኔጣ ነው ያየው። ባርኔጣው ዛሬም ከመሪው ጎን ተቀምጧል፤ ብሩ ባርኔጣውን ከራስጌው ሳይሰቅል ይተኛል፣ አልጣሽ?»

«አይተኛም» አለች አልጣሽ።

ሥርጉት ቱቦውን ከማንጠልጠያው ፈትታ አመጣችው። ነጠላዋን መሬት ላይ ዘረጋችና በሺር አጠገብ የቆመውን አስካሪ «ና፣ ወንድሜ፣ አንተ ባዕድ ነህ፤ አራግፈው» አለችው። አስካሪው አለቃውን አየና ቱቦውን አቁሞ መታ መታ አደረገው። ጥላሸት ወረደ። ደግሞ መታው። ግማሹ ያረረ የጆንያ ቁራጭ ነጠላው ላይ ዱብ አለ።

ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየው።

«ብሩ የሞተው ቱቦ ስላልነበረ አይደለም» አለች ሥርጉት። «ቱቦው ቆሞ፣ አፉ ላይ ጆንያ ተጠቅጥቆበት ነው። ሲያበቃ ገዳዩ ጆንያውን መዞ ጣለው፤ የቀረችው ቁራጭ አርራ ወደ ውስጥ ወድቃለች። ፈንታሁን፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ቱቦውን ነቅዬ ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት፣ ሰማይ ይታያል አላልከኝም? ታዲያ ይህ ጥላሸት ከየት መጣ?»

ፈንታሁን ጋቢውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ብያለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ምን አውቃለሁ? ጋሼ ብሩ እዚህ ደርሶ መልሶ ተክሎት ይሆናል። በሺር ጠቅጥቆበት ይሆናል።»

«በሺር ጠቅጥቆ፣ ገድሎ፣ ቱቦውን መልሶ ነቅሎ? ቱቦው ቆሞ ቢገኝ ‹ምድጃው ገደለው› ተብሎ ይቀር ነበር እኮ። ቱቦ የሚነቅል መንገድ ያለበት ሰው ነው።»

«እኔ መንዳት አልችልም! ሁሉም ያውቃል!»

«እኔ በአንድ በጋ ተማርኩ። አንተ አራት ዓመት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠህ ዓይንህን ምን ስታበላው ነበር?» ሥርጉት ወደ ኋላ ጎማው ሄደች። ሁሉም ዞሮ አያት። «አሁን ይህን እዩልኝ። ታኮ። በዚህ ሜዳ ላይ ታኮ የሚያደርግ ማነው? በሺር፣ በግቢህ ታኮ አድርገህ ታውቃለህ?»

«ለምኔ? እንቁላል ባስቀምጥበት አይንከባለልም።»

«ብሩስ? ብሩ ጎንበስ ብሎ ታኮ አድርጎ አያውቅም። እሱ ሥራው ከላይ ሆኖ ‹ታኮ!› ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ፈትቶ በገጠመው የእጅ ፍሬን ደግሞ ላገኘው ሁሉ ሲኮራበት ሰነበተ። ብሩ ነድቶት ቢሆን ፍሬኑን እስኪጮህ ድረስ ይስበው ነበር። ወጥታችሁ እዩ፤ ፍሬኑ አልተያዘም። መኪናውን ያቆመው ሰው ፍሬኑን ትቶ ታኮ አደረገ።»

ወደ ፈንታሁን መጣችና ፊቱ ቆመች። ድምጿ ዝቅ አለ፤ የፈራጅ ሳይሆን የደከመች ሴት ድምፅ ነው።

«አሳቻ ሰዓት ነበር፤ ቸኩለሃል፤ ደሴ ሳይነጋ በአቋራጭ በእግርህ መመለስ አለብህ። ስትወርድ ‹ታኮ› ያለህ ሰው ነበር?»

ፈንታሁን ዓይኑን ወደ ታኮው ጣለ። ሸህ ሙሄዲን ምርኩዛቸውን አነሡ፤ ሳይመቱት መልሰው አስቀመጡት።

«ማንም አላለኝም» አለ ፈንታሁን። «እጄ ነው የሰማው።»

አልጣሽ ጮኸች። መዲና አቅፋ ያዘቻት።

«አራት ዓመት» አለ ፈንታሁን፤ የሚናገረው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ዝናብ ላይ እኔ፣ ጭቃ ውስጥ እኔ። ያን ቤት ሳንቃ በሳንቃ ስንሠራው መዶሻ አቀባዩ እኔ። ‹መንዳት አስተምርሃለሁ፤ ቤቱ ሲያልቅ እኔ ከኋላ እተኛለሁ፣ አንተ ትነዳለህ› አለኝ። ፍሬኑ ያዘለትና ትናንት ‹ነገ አትምጣ› አለኝ። በቃ። ፍሬን ስለያዘ።» ቀና ብሎ ሥርጉትን አያት። «እርስዎንስ እንዲሁ አላደረገዎትም፣ እትዬ? እርስዎ ይፈርዱብኛል?»

«አድርጎኛል። እኔ ግን ጠዋት ተነሥቼ ሸራዬን እሰፋ ነበር። አንተ ደግሞ የራስህን ሥራ በበሺር አንገት ልታስር ነው የመጣኸው።»

ከዚህ ወዲያ የሚባል አልነበረም። አስካሪው ሲባጎውን ከበሺር እጅ ፈትቶ በፈንታሁን እጅ አሰረው፤ ያው ሲባጎ ነው። አስተርጓሚው ምን እንደ ተባለ ለነጩ ሲነግረው ነጩ አዛጋ። ሰዉ የፈለገውን አግኝቶ ደስ ያለው አይመስልም። ፈንታሁን ሲወሰድ ሥርጉት ዞር አለች። መዲና የበሺርን ያበጠ እጅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቅቤ ትቀባዋለች፤ አሁን ነው ያለቀሰችው።

የቀረው ሬሳው ነው። ደሴ ቤተ ክርስቲያን ሊቀበር ይገባዋል፤ አልጣሽን ያወረዳት ካሚዮን ጭነቱን ይዞ ሄዷል። የበሺር ጣቶች አብጠው ያን ሁሉ ዳገት መሪ ሊይዙ አይችሉም።

«ታዲያ ማን ይወስደዋል?» አሉ ቄስ ወልደ ሚካኤል።

ሥርጉት ሸራ መስፊያ መርፌዋን ከራሷ ሻሽ ላይ ነቅላ ለመዲና ሰጠቻት፤ ሰው ፊት ስትቆም መርፌ ራሷ ላይ መኖሩን አሁን ገና አስታወሰች። ወደ ሸሁና ወደ ቄሱ ፊት ቀረበች።

«አባቶቼ፣ ከአራት ዓመት በፊት ብሩ ‹ሴት መኪና አትወርስም› ሲል ሽማግሌ ዝም አለ። እናንተ አልነበራችሁም፤ ሽማግሌ ግን ሽማግሌ ነው። አሁን ከአፋችሁ ልስማው። የካሚዮኑ እኩሌታ በበላቸው በኩል የእኔ ነው፤ እኩሌታው፣ ቤት ሠርቶበታልና፣ በብሩ በኩል የአልጣሽ ነው። ሐቅ ነው ወይስ አይደለም?»

ሸህ ሙሄዲን ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐቅ ነው» አሉ ሸሁ። «ይህ ሁሉ ሰው ይስማ። ሐቅ ነው።»

አልጣሽ ከመሬት ቀና አለች። «እኔ ምን አደርግበታለሁ? እኔ እኮ አንድ ቀን ከፊት ወንበሩ ላይ አስቀምጦኝ አያውቅም።»

«ዛሬ ትቀመጫለሽ» አለቻት ሥርጉት። «ተነሽ፣ ይመሽብናል።»

በሺር በታመመ እጁ የሞተር ማስነሻውን ማኒቬላ አዞረላት፤ ሞተሩ በሁለተኛው ተነሣ። ሥርጉት መሪውን ያዘች። ዳገቱን ቀስ ብላ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ወጣችው። አንድ ቦታ ላይ አልጣሽ «ከኋላ እሱ ሲንገጫገጭ ይመታ ይሆን?» አለች፤ ሥርጉትም «አስረነዋል» አለቻት።

ደሴ መግቢያ ኬላው ላይ አስካሪው ጣውላውን አግድሞ ቆሟል። ካሚዮኑን ያውቀዋል። ወደ መስኮቱ መጥቶ አንገቱን አሰገገና ሁለት ሴቶች ሲያይ ደነገጠ።

«ባለቤቱ የት አለ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሥርጉት። «ይህችም ናት። ከኋላ ያለው ወንድሜ ነው፤ ሊቀበር ነው።»

አስካሪው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጣውላውንም አነሣ።